የቀረን ሥራ እንዴት እንዝጋው?

የሥራ ዝርዝራችሁን ክፈቱና ከወር በላይ ያልነካችሁትን ፈልጉ። ብዙው ቀርቷል፣ ማለትም ከእንግዲህ አይሠራም፤ ግን ቁርጥ ያለ ውሳኔ አልተሰጠውም። እንዲህ ያለው ሲበዛ ዛሬ የግድ መሠራት ያለበት መሃል ላይ ይጠፋል፣ ቀስ በቀስም ዝርዝሩን መክፈት ራሱ ያስጠላል።

አብዛኞቻችን ወይ ራይት አድርገን ካለቁት ጋር እንቀላቅለዋለን፣ ወይ እናጠፋዋለን። ሁለቱም አያዋጡም። ካለቁት ጋር የተቀላቀለውን ከወራት በኋላ ስታዩት የሠራችሁት ይመስላችኋል፤ ያጠፋችሁትን ደግሞ ለምን እንደተዋችሁት ስለማታስታውሱ ያንኑ ሐሳብ እንደ አዲስ ትጽፉታላችሁ። ስለዚህ ሦስተኛ ምልክት ይኑራችሁ፦ «ቀርቷል»፣ ከነቀኑና ከአንድ መስመር ምክንያት ጋር።

ባሕር ዳር የብስክሌት ከተማ ናትና በሱ እንየው። «ብስክሌቱን ማሠራት» ብላችሁ ነበር፣ ከዚያ ብስክሌቱ ተሸጠ። «ቀርቷል፣ ኅዳር 12፣ ተሸጧል» ብላችሁ ዝጉት። ግን እዚህ አታቁሙ! ከሥሩ «ጎማ መግዛት» አለ፣ «ፍሬን ማስተካከል» አለ፣ ቅዳሜ ጠዋት የሚጮህ ማስታወሻም ሞልታችሁ ይሆናል። ዋናው ተዘግቶ እነዚህ ክፍት ከቀሩ ምንም አልዘጋችሁም።

ኦርግ ሞድ (ኢማክስ በሚባለው የጽሑፍ ማረሚያ ውስጥ ያለ የሥራ ዝርዝር መያዣ) ለምትጠቀሙ ቀላል ነው። በሁኔታዎቹ ዝርዝር ውስጥ ከቋሚው መስመር («|») በኋላ የምትጽፉት ሁሉ እንደተዘጋ ይቆጠራል፤ «@» ከጨመራችሁበት ደግሞ ስትዘጉት ምክንያቱን ይጠይቃችኋል። የጉግል የሥራ ዝርዝር መተግበሪያ በሆነው ጉግል ታስክስ ላይ ግን ያለው «ተጠናቋል» ብቻ ስለሆነ፣ ራይት ከማድረጋችሁ በፊት ርዕሱ መጀመሪያ ላይ «ቀረ፦» ብላችሁ ጨምሩ። ደብተር ላይ አንድ መስመር ሰርዙበት፣ ጽሑፉ ግን ይነበብ።

የቆመ ሁሉ ቀርቷል ማለት እንዳልሆነም ልብ በሉ። ዘመዶቻችሁን ጢስ ዓባይ ለመውሰድ ጽፋችሁ መጋቢት ላይ ከሆናችሁ ፏፏቴው ሳስቷል፤ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሄዶ ቀጭን ውኃ ከማየት ክረምቱ ሲያበቃ መሄድ ይሻላል። ይህ ጊዜው ያልደረሰ ነው፤ ለመስከረም ቀን ስጡትና ከዛሬው ዝርዝር አውጡት። «የዘጌን ገዳማት ማየት» የሚለው ደግሞ ምናልባት የቆመው መነሻ ስለሌለው ብቻ ነው፤ «የጀልባ ዋጋ መጠየቅ» ብላችሁ ብትቀይሩት ይንቀሳቀሳል። ይህ ሥራ ገና ዛሬ ቢመጣልኝ እይዘው ነበር? መልሱ «አይ» ከሆነ ያኔ ቀርቷል በሉት።

አሁን ከሁሉም ወደሚከብደኝ ልምጣ። ያ ሥራ ለሰው የገባችሁት ቃል ከሆነ እናንተ ጋ ብቻ መዝጋት አይበቃም። እናንተ ረስታችሁት ሌላው ሰው እየጠበቀ ነው፤ ይሉኝታ ይዟችሁ ዝም ስትሉ ደግሞ የእሱም ዕቅድ ይበላሻል። መልእክቱ አጭር ይሁን፦ «እትዬ፣ የዘጌ ቡና እልክልዎታለሁ ብዬ ነበር፤ መሻገሬ ስለቀረ በሌላ ሰው ያስመጡ፣ ይቅርታ።» ብዙ ምክንያት መደርደር አያስፈልግም። ይህን ሳትልኩ «ቀርቷል» አትበሉ።

በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ብታጸዱ ጥሩ ነው። ትልቁን ጽዳት ግን ጳጉሜን ላይ አድርጉት፤ 5 ወይም 6 ቀን ናት፣ ዓመቱን ለመዝጋት ትበቃለች። የቀሩትን ምክንያቶች በተከታታይ አንብቡ። «ገንዘብ አልደረሰም» ደጋግሞ ከመጣ ችግሩ ከዝርዝሩ ሳይሆን ከበጀቱ ነው፣ እሱን ቀድማችሁ አስተካክሉ።

የቀረው ሥራ አንድ ቀን ተመልሶ ቢመጣስ? የድሮውን አትክፈቱት። አዲስ ጻፉ፣ አዲስ ቀን ስጡት፣ የድሮዋን የምክንያት መስመር ከሥሩ ገልብጡና ያ ምክንያት አሁንም እንዳለ አጣሩ።