የሐፌዝን ስም ስንጠራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

የሺራዙን ሐፌዝ፣ የኢራኗን ከተማ የፋርስኛ ገጣሚ፣ እወደዋለሁ። ስሙ ያለቦታው ሲገባ ዝም ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

መጀመሪያ፣ ሐፌዝ ቤተሰቦቹ ያወጡለት ስም አይደለም። ስሙ ሸምሰዲን ሙሐመድ ነው። ሐፌዝ ማለት ቁርአንን በቃሉ የያዘ ማለት ነው። እኛ አገር «ልጃቸው ሐፊዝ ሆነ» ሲባል የምንሰማው ያው ቃል ነው፤ ፋርሶች ሲጠሩት ወደ «ሐፌዝ» ያደላል። እሱም በአንድ ግጥሙ ቁርአንን በ14ቱ አነባበብ በቃሉ እንደሚወጣው ይናገራል። የብዕር ስሙ ያደረገው ይህንኑ ማዕረግ ነው። ስለዚህ በድሮ ጽሑፍ ላይ «ሐፊዝ» ያነበባችሁ ሁሉ እሱን እንዳይመስላችሁ።

ሁለተኛው ስህተት ግጥሙ ውስጥ ያለውን ስም ይመለከታል። ገዘል በሚባለው የግጥም ዓይነት ገጣሚው መጨረሻ ላይ ራሱን በስሙ ይጠራል። ይህን የማያውቅ ሰው፣ ሌላ ሰው ስለ ሐፌዝ የተናገረ ይመስለዋል። ስለ ሺራዟ ቆንጆ የገጠመው ዝነኛ ገዘል የሚዘጋው እንዲህ ነው፦ «ገዘል ገጠምክ፣ ሉል በሳህ፤ ና ሐፌዝ፣ አሳምረህ አዚም፤ ሰማይ በስንኝህ ላይ የሰባቱን ከዋክብት ዘለላ ይበትናልና።» ሉል የሚበሳው በክር ለመሰካት ነው። እያንዳንዱ ስንኝ አንድ ሉል ነው ማለቱ ነው። ስሙ ፊርማው ነው፤ ተርጓሚ ቆርጦ ሲጥለው በጣም ያሳዝነኛል።

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ሦስተኛው ነው። ፀሐይ ይህን ሁሉ ዘመን አብርታ ምድርን «ዕዳ አለብሽ» አላለቻትም የሚለውን ጥቅስ አይታችሁታል አይደል? ከሥሩም «ሐፌዝ» ይላል። ሐፌዝ ያረፈው እ.ኤ.አ. በ1390 ገደማ ነው። ጥቅሱ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1999 አሜሪካ ውስጥ ከታተመ መጽሐፍ ነው። የፋርስኛ ምንጭ የለውም። አባባሉ ያምራል፤ የጻፈው ግን ሌላ ሰው ነው።

ከሌሎች ጋር ማምታታትም አለ። ገጣሚው ሳዲም የሺራዝ ሰው ነው፣ ግን ቀድሞ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖረ። ሌላው የፋርስኛ ገጣሚ ሩሚ ደግሞ የተቀበረው ቱርክ፣ ኮንያ ነው።

ጥቅስ ከማጋራታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ ስንተኛው ገዘል ነው? እ.ኤ.አ. በ1941 ቴህራን ላይ ተስተካክሎ የታተመው የሐፌዝ ዲዋን፣ ማለትም የግጥሞቹ ስብስብ፣ 495 ገዘሎች አሉት፤ ሁሉም ቁጥር አላቸው።