ማይክሮሰርቪስን ከአንድ ወጥ ፕሮግራም ተነሥቶ እንዴት መገንባት እንደሚቻል

ማይክሮሰርቪስ አንድን ፕሮግራም ለየብቻ በሚሠሩና በኔትወርክ በሚነጋገሩ ትናንሽ አገልግሎቶች ከፋፍሎ የመገንባት አሠራር ነው። ይህን ለመማር የሚነሣ ፕሮግራመር ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል። ኩበርኔቲስ (አገልግሎቶችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያስተዳድር ሶፍትዌር) ይጭናል፣ አሥር ባዶ አገልግሎቶች ይፈጥራል፣ ኮምፒውተሩ ይጨናነቃል፣ አገልግሎቶቹ ግን የሚሠሩት ሥራ የላቸውም። እዚህ የማሳየው ተቃራኒውን መንገድ ነው፦ መጀመሪያ በቅጡ የተደራጀ አንድ ፕሮግራም መጻፍ፣ ቀጥሎ በቂ ምክንያት ያለውን ክፍል ብቻ መነጠል፣ ከነጠሉም በኋላ ግንኙነቱ ሲቋረጥ ምን እንደሚደርስ ሆን ብሎ መፈተን።

በዚህ በመጨረሻው ጉዳይ ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ ሰው ከብዙዎች ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1994 ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ባልደረባ ፒተር ዶይች ፕሮግራመሮች ሳያጣሩ እንደ እውነት የሚይዟቸውን የተሳሳቱ ግምቶች ዘርዝሮ ነበር። ከዝርዝሩ ራስ ላይ የሚገኘው «ኔትወርክ አስተማማኝ ነው» የሚለው ነው። ጎጃም ውስጥ ይህን የሚያምን ሰው ማግኘት ይቸግራል። መብራት ሲጠፋና መስመር ሲቋረጥ ሥራው እንዳይበላሽ ማሰብ የማይክሮሰርቪስ ዋና ጥበብ ስለሆነ፣ ልምዱን እንደ ችግር ብቻ አትዩት፤ ትምህርታችሁ ውስጥ አስገቡት።

1. እውነተኛ ሥራ ምረጡና በአንድ ፕሮግራም ጻፉት

የእህል ንግድን እንውሰድ። የባሕር ዳር ነጋዴ ከቡሬ በቆሎ፣ ከአዴት ጤፍ በኩንታል ያዝዛል። ፕሮግራሙ አራት ሥራዎች አሉት፦ ትእዛዝ መቀበል፣ በመጋዘን ያለውን እህል መቁጠር፣ ክፍያ ማስፈጸም፣ ለገዢና ለሻጭ በስልክ አጭር መልእክት መላክ። በምታውቁት ቋንቋ ጻፉት፤ ጃቫ፣ ፓይተን ወይም ጎ ቢሆን ልዩነት የለውም። አዲስ አሠራር እየተማሩ አዲስ ቋንቋ መጨመር ድካሙን ያበዛዋል።

አራቱን ሥራዎች በአራት ሞጁሎች (በተለያዩ የኮድ ክፍሎች) አስቀምጡ፤ አንድ ሕግም አጥብቃችሁ ያዙ፦ የአንዱ ሞጁል ኮድ የሌላውን ሠንጠረዥ በቀጥታ አያነብም፣ አይጽፍበትምም። መጋዘን ውስጥ ስንት ኩንታል እንዳለ ማወቅ የፈለገ የመጋዘኑን ሞጁል ይጠይቃል። ፖስትግሬስኪውኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ለእያንዳንዱ ሞጁል የራሱን ስኪማ (ለሠንጠረዦቹ የተከለለ ክፍል) ማዘጋጀት ይህን ሕግ ለማክበር ይረዳል። ሕጉ እዚህ ከተጣሰ በኋላ የሚደረገው ሁሉ ከንቱ ነው። ሠንጠረዥ የሚጋሩ ሁለት አገልግሎቶች አንዱ ሲለወጥ ሌላው መበላሸቱ ስለማይቀር ተለያዩ ለማለት አይቻልም።

በዚሁ ደረጃ ስለ ገንዘብና ስለ ጊዜ ተስማሙ። ገንዘብ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር ይቀመጥ። ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት (ዩቲሲ) ይቀመጥና ለተጠቃሚው ሲታይ ብቻ ወደ እኛ አቆጣጠር ይለወጥ፤ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የተሰጠ ትእዛዝ ዳታቤዙ ውስጥ 05:00 ነው። ይህ የሚናቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንዱ አገልግሎት የወሩ ቁጥር ከ1 እስከ 12 ነው ብሎ ሲያጣራ ሌላው የጳጉሜን ቀን እንደ 13ኛ ወር ቢልክለት፣ ለ5 ወይም ለ6 ቀናት ብቻ የሚታይ፣ ምክንያቱ የማይገባ ብልሽት ይፈጠራል።

2. መነጠል እንደሚያስፈልግ ቁጥር ይዛችሁ ወስኑ

ማይክሮሰርቪስ የሚለው አሠራር በሰፊው የታወቀው የሶፍትዌር ባለሙያዎቹ ጄምስ ሉዊስና ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጡት ጽሑፍ ነው። የታሰበውም በየራሳቸው ፍጥነት መሥራት ለሚፈልጉ በርካታ ቡድኖች ነበር። ሦስት ሰው ሆኖ ለሚሠራ ቡድን አሥር አገልግሎት ሸክም ነው።

ሒሳቡን እንየው። እያንዳንዱ አገልግሎት ከ100 ሰዓት 99ኙን ይሠራል እንበል። አንድ አገልግሎት ብቻውን በ30 ቀናት ውስጥ 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይቆማል። አራት አገልግሎቶች በሰንሰለት ተያይዘው አንዱ የሌላውን መልስ የሚጠብቅ ከሆነ ግን፣ 0.99 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 0.96 ገደማ ይሆናል፤ ያ ማለት በወር ከ28 ሰዓት በላይ መቆም ነው። ስለዚህ መነጠል በራሱ ጥንካሬ አይሰጥም። ጥንካሬ የሚገኘው አንዱ ሲቆም ሌላው እንዲቀጥል አድርጎ ከመሥራት ነው።

3. በመልእክት ላኪው ጀምሩ

ከአራቱ መጀመሪያ መነጠል ያለበት መልእክት ላኪው ነው፤ መልእክቱ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ሽያጩ አይበላሽም፣ መልሱን ቆሞ የሚጠብቅም የለም። የራሱን ዳታቤዝ ስጡት፣ በራሱ ኮንቴይነር (ፕሮግራሙን ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ለይቶ በሚያስኬድ ጥቅል) አስነሡት። ሁሉንም በአንድ ትእዛዝ ለማስነሣት ለጀማሪ ኮንቴይነሮችን አንድ ላይ የሚያስነሣው ዶከር ኮምፖዝ ይበቃል።

ኢንተርኔት እንደ ልብ ለማያገኝ ሰው አንድ ምክር ላክል። የሚያስፈልጓችሁን የዶከር ምስሎች (ኮንቴይነር የሚነሣባቸውን ፋይሎች) መስመር ባገኛችሁበት ቀን አንድ ጊዜ አውርዱ፤ ከዚያ «ዶከር ሴቭ» በሚለው ትእዛዝ ወደ ፋይል ቀይራችሁ በፍላሽ ያዙ። ጓደኛችሁ በራሱ ኮምፒውተር «ዶከር ሎድ» ብሎ ይጭነዋል። አንድ የተማሪዎች ቡድን በዚህ መንገድ አንድ ጊዜ በወረደ ምስል ያለ ኢንተርኔት ሊለማመድ ይችላል።

ትእዛዝ ተቀባዩ መልእክት ላኪውን በቀጥታ አይጥራው። በመካከላቸው እንደ ራቢትኤምኪው ያለ የወረፋ ሶፍትዌር አስገቡ፤ መልእክት ላኪው ቢቆም መልእክቱ ወረፋው ላይ ይጠብቀዋል። ወረፋውም መልእክቱም ዲስክ ላይ እንዲቀመጡ አዝዙ፤ አለበለዚያ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ከወረፋው የሚወስደው መልእክት ላኪም «ደርሶኛል» የሚለውን ማረጋገጫ መስጠት ያለበት ሥራውን ከጨረሰ በኋላ ነው።

አሁን ብዙ መማሪያዎች ዘለውት የሚያልፉት ቦታ ላይ ደርሰናል። ትእዛዙ ዳታቤዝ ውስጥ ገባ፤ መልእክቱ ወረፋው ላይ ሳይደርስ ግን መብራት ጠፋ። ትእዛዙ አለ፣ ሻጩ ግን አልሰማም። መፍትሔው ይህ ነው፦ ትእዛዙን ስትመዘግቡ በዚያው የዳታቤዝ ግብይት (ትራንዛክሽን) ውስጥ «ወጪ መልእክት» በሚባል ሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር ጨምሩ። ሁለቱ ወይ አብረው ይመዘገባሉ፣ ወይ አብረው ይቀራሉ። ሌላ ትንሽ ፕሮግራም ያልተላኩትን መስመሮች እያነበበ ወደ ወረፋው ይልካል፣ ሲሳካለትም «ተልኳል» ብሎ ምልክት ያደርጋል።

ይህ ፕሮግራም ልኮ ምልክት ሳያደርግ ሊቆም ስለሚችል አንድ መልእክት ሁለት ጊዜ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ መልእክት የማይደገም መለያ ስጡት፤ መልእክት ላኪውም የሠራበትን መለያ መዝግቦ ሲደገምበት ይተወው። መጥፋትን በመደጋገም መከላከል፣ ድግግሞሽን ደግሞ በመለያ ማጣራት፦ ይህን የተረዳ ሰው ግማሹን መንገድ ተጉዟል።

4. ክፍያን ስትነጥሉ ዝምታን እንደ እምቢታ አትቁጠሩ

ክፍያ ከባዱ ክፍል ነው። በቴሌብርም ይሁን በባንክ በኩል ጥያቄ ልካችሁ በ5 ሰከንድ ውስጥ መልስ ካልመጣ፣ ክፍያው አልተፈጸመም ማለት አይደለም። ተፈጽሞ መልሱ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። እንደ አዲስ ከጠየቃችሁ ገዢው ሁለት ጊዜ ይከፍላል፤ የገበሬ ወይም የነጋዴ ገንዘብ ላይ ደግሞ እንዲህ ያለ ስሕተት ይቅር አይባልም። ለእያንዳንዱ ክፍያ አንድ መለያ ፍጠሩ፣ ስትደግሙም ያንኑ መለያ ላኩ፤ የክፍያ አገልግሎታችሁ አስቀድሞ የፈጸመውን መለያ ሲያይ የቀድሞውን ውጤት ይመልስ።

ስትደግሙ ከ1፣ ከ2፣ ከ4፣ ከ8 ሰከንድ በኋላ እያላችሁ አራርቁ፤ ጥቂት የዘፈቀደ ልዩነትም ጨምሩበት። የጠፋ መስመር ሲመለስ ሁሉም ጠያቂ በአንድ ቅጽበት ቢደርስ የተነሣው አገልግሎት መልሶ ይወድቃል። ክፍያው በእርግጥ ካልተሳካ ደግሞ ለገዢው የተያዘው እህል መለቀቅ አለበት፤ ለእያንዳንዱ እርምጃ የሚመልሰውን እርምጃ አብራችሁ ጻፉ። ይህ ሳጋ የሚባለው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1987 ለዳታቤዝ የቀረበ ሐሳብ ነው።

5. ራሳችሁ አቁሙት፣ ከዚያ ተከታተሉት

ትእዛዞች እየገቡ ሳለ የክፍያውን ኮንቴይነር አቁሙ። ወረፋውን አቁሙ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ አጥፍታችሁ አስነሡ። ከዚያ ቁጠሩ፦ የጠፋ ትእዛዝ አለ? ሁለት ጊዜ የተከፈለ አለ? ሳይለቀቅ ተይዞ የቀረ ኩንታል አለ? ሦስቱም ዜሮ እስኪሆኑ ድረስ ሌላ አገልግሎት አትነጥሉ።

ለክትትል፣ ትእዛዙ ሲገባ የተሰጠው መለያ በሁሉም አገልግሎቶች ሎግ (የሥራ መዝገብ) ላይ አብሮ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ችግር ሲፈጠር የየአገልግሎቱን ሎግ ፊት ለፊት ከፍቶ በሰዓት ማመሳሰል ይመጣል። የወረፋውን ርዝመት፣ የመልስ ጊዜንና የስሕተቶችን ብዛት ፕሮሜቴየስ በሚባለው የክትትል ሶፍትዌር ሰብስቡ። በአገልግሎቶች መካከል የሚሄደውን መረጃ ስትለውጡ አዲስ መስክ ጨምሩ እንጂ የነበረውን አትሰርዙ፤ አሮጌው ተጠቃሚ ሙሉ በሙሉ ሲቀየር ያን ጊዜ ታስወግዱታላችሁ። ኩበርኔቲስ የሚያስፈልገው አገልግሎቶቹን በበርካታ ማሽኖች ላይ ማከፋፈል ስትጀምሩ ነው፤ እስከዚያ ይቆይ።

ትእዛዝና መጋዘን ግን አንድ ላይ ይቆዩ። አንድ ነጋዴ 50 ኩንታል ሲያዝዝ፣ ያው 50 ኩንታል በዚያው ቅጽበት ለሌላ እንዳይሸጥ መያዝ አለበት፤ ሁለቱ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ሲሆኑ ይህ በአንድ ግብይት ያልቃል። ከነጠላችኋቸው ያንኑ ዋስትና ለማግኘት ሌላ ሳጋ መጻፍ ይኖርባችኋል፤ በምላሹ የምታገኙት ነገር ደግሞ በዚህ መጠን ላለ ሥራ የለም።