ከባሕር ዳር ለወጣችሁ፦ የሆድ ቁርጠት መድኃኒት ነገር

ባሕር ዳር ሆድ ሲቆርጥ ፋርማሲ ጎራ ብሎ «ቁርጠት ይዞኛል» ማለት ይበቃል፤ ቡስኮፓን ተገዝቶ ይመጣል። ብዙዎቻችሁም አንድ ሁለት ስትሪፕ ሻንጣ ውስጥ ሳትከቱ አልወጣችሁም። ከነካርቶኑ ያዙት። በፌስታል የተቋጠረ ክኒን ኤርፖርት ላይ ጥያቄ ያስነሳል።

ሲያልቅ ግን እንደ አገሩ ነው። እንግሊዝና ጀርመን ያላችሁ ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ትገዙታላችሁ። አሜሪካ ቡስኮፓን አይሸጥም። እዚያ ለአይቢኤስ (ሆድ እየቆረጠ ተቅማጥ ወይም ድርቀት የሚያመላልስ የአንጀት ችግር) ቁርጠት ከሚታዘዙት ውስጥ ዳይሳይክሎሚንና ሃዮሳያሚን አሉ፤ ሁለቱም ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሰጡም። ያለ ማዘዣ የሚገኘው የፔፐርሚንት ዘይት ካፕሱል ነው። ሳይታኘክ ይዋጣል። ከጨጓራ አሲድ ማርከሻ ጋር አብራችሁ አትውሰዱት፤ ሽፋኑ አንጀት ሳይደርስ ይሟሟና ቃር ይለቅባችኋል። ከእኛ ሰው ደግሞ የጨጓራ መድኃኒት ኪሱ የሌለው ስንቱ ነው?

እነዚህ መድኃኒቶች የአንጀትን ጡንቻ ያላላሉ፤ ቁርጠቱን እንጂ በሽታውን አይነቅሉም። ቡስኮፓንና የአሜሪካዎቹ ሁለቱ አፍ ያደርቃሉ፣ የሆድ ድርቀትም ሊያመጡ ይችላሉ። ግላኮማ (የዓይን ግፊት በሽታ) ያለበት ወይም በፕሮስቴት የተነሳ ሽንት እምቢ የሚለው ሰው ሐኪም ሳይጠይቅ አይንካቸው።

ዋናው ነገር ግን ወዲህ ነው። ሐኪሙ «አይቢኤስ ነው» ብሎ ከመጻፉ በፊት ጣና ዳር ማደጋችሁን ንገሩት። ሐይቁ ውስጥ የዋኘ፣ ልብስ ያጠበ፣ ዓሣ ያጠመደ ሰው ቢልሃርዚያ የሚባል የትል በሽታ ሊኖርበት ይችላል። ትሉ አንጀት ዙሪያ ባሉ ደም ሥሮች ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። ምልክቱም ቁርጠትና ተቅማጥ ነው፤ ከአይቢኤስ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ቢልሃርዚያ አይቶ የማያውቅ የለንደን ሐኪም ይህን ካልነገራችሁት ላያስበው ይችላል። «ሐይቅ ዳር ነው ያደግኩት፤ የቢልሃርዚያ የሰገራና የደም ምርመራ ይታዘዝልኝ» በሉት። ከተገኘ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው።

ሰገራ ላይ ደም ካያችሁ፣ ያለ ምክንያት ከከሳችሁ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሳችሁ ግን ቁርጠት ማስታገሻውን ተዉትና ቶሎ ታዩ።

ምግብ ላይ፦ ጾም ሲገባ የሚብስባችሁ ከሆነ ሽሮውንና ምስሩን፣ በተለይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርቱን ቀነስ አድርጋችሁ እዩት። ውጭ የሚሸጠው እንጀራም ብዙ ጊዜ ስንዴ ወይም ገብስ ይቀላቀልበታል፤ ንጹሕ ጤፍ መሆኑን ጠይቁ። ሐኪሙ የሴሊያክ (ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ግሉተን አንጀትን የሚጎዳበት በሽታ) ምርመራ ካዘዘ ግን ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ስንዴ መብላት አታቁሙ፤ ካቆማችሁ ውጤቱ ሊሳሳት ይችላል።