ከሳጥን ወደ ሐዲድ፦ ተሠርቶ ያለቀ ሎኮሞቲቭና «የወል ፉርጎ» እንዴት አንድ ባቡር ይሆናሉ?

ሰዋስው ስንማር የተጸውኦ ስምና የወል ስም ለይተን ነበር። «ዓባይ» የተጸውኦ ነው፣ «ወንዝ» የወል። በብሪታንያ የሞዴል ባቡር ወዳጆች ዘንድ ፉርጎም እንደዚሁ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የአንድን የባቡር ድርጅት አንድ የታወቀ ፉርጎ ልክ በልክ አሳንሶ ያሳያል። ሁለተኛው የማንንም ፉርጎ አይደለም፤ የብዙዎቹን መልክ አስተባብሮ ይዞ በየድርጅቱ ቀለም ይቀባል። እኔ ይህንን የወል ፉርጎ እለዋለሁ።

የወል ፉርጎ የመጣው ከችግር ነው። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1923 በአራት ትልልቅ ድርጅቶች እስኪጠቃለሉ ድረስ ብሪታንያ ውስጥ ከ120 በላይ የባቡር ድርጅቶች ነበሩ። እያንዳንዱ የራሱ መሐንዲስ፣ የራሱ ፉርጎ፣ የራሱ ቀለም ነበረው። አንድ የፕላስቲክ ፉርጎ ለማምረት የሚያስፈልገው የብረት ቅርጽ ማውጫ ደግሞ በጣም ውድ ስለሆነ፣ ለሁሉም ለየብቻ ማዘጋጀት የሚታሰብ አልነበረም። ሃተንስ የተባለው የእንግሊዝ መደብር በ2019 «ጀነሲስ» ያላቸውን ባለ 4 እና ባለ 6 እግር (ጎማ) የወል ፉርጎዎች አስተዋወቀ፤ ሆርንቢ የተባለው የሞዴል ባቡር አምራችም የራሱን አወጣ። ሃተንስ በ2024 መዘጋቱን ቢያስታውቅም መንገዱ ተከፍቷል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ፉርጎ ተሠርቶ ካለቀ ሎኮሞቲቭ፣ ማለትም ከጎታቹ ጋር አጋጥማችሁ፣ የሚያምርም የማይወድቅም አጭር ባቡር እንዴት እንደምታዘጋጁ ያሳያል።

1. ሎኮሞቲቩ ይቅደም

ብዙ ጀማሪ ፉርጎውን ወዶ ይገዛና ጎታች ፍለጋ ይወጣል። ተገላቢጦሹ ይሻላል፤ የፉርጎውን ዘመንም ቀለምም የሚወስንላችሁ ሎኮሞቲቩ ነው። እኔ የምመክረው «ቴሪየር» የምትባለውን ነው። ዊልያም ስትራውድሊ ለለንደን፣ ብራይተንና ደቡብ ጠረፍ የባቡር ድርጅት የነደፋት ባለ 6 እግር ትንሽ የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ ናት። ከ1872 እስከ 1880 ድረስ 50 ተሠርተዋል። ስሟን ያገኘችው ጭሷን ስትተፋ ከሚሰማው፣ የውሻ ጩኸት ከሚመስል ድምፅ ነው። ቀላል በመሆኗ ወደ ሄይሊንግ ደሴት የሚወስደው ደካማ የእንጨት ድልድይ ይሸከማት ነበር፤ መስመሩ በ1963 እስኪዘጋ ድረስም እዚያ ሠርታለች። በሞዴል ደረጃ ከመዳፍ ብዙም አትበልጥም፤ ባለ 4 እግር ፉርጎ ስትጎትት ሁሉም ነገር ልኩን ያገኛል። አንድ ግዙፍ የፈጣን ባቡር ሎኮሞቲቭ ከእነዚሁ ፉርጎዎች ፊት ብታቆሙ ግን አባት የልጁን ጫማ ያደረገ ይመስላል።

2. ስኬሉን አረጋግጡ

የብሪታንያ ሞዴሎች አብዛኞቹ «ድርብ ኦ» በሚባለው ስኬል (የማሳነሻ ልክ) የተሠሩ ናቸው፤ 1 ጫማ በ4 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም 1 ለ76። የሐዲዱ ስፋት 16.5 ሚሊ ሜትር ነው። አደናጋሪው ነገር የአውሮፓው «ኤች ዜሮ» ሞዴል በዚሁ ሐዲድ ላይ መሄዱ ነው፤ የሱ ስኬል ግን 1 ለ87 ነው። ሐዲዱ ስለተስማማ ብቻ ሁለቱን አታጋጥሙ፤ የፉርጎው ጣሪያ ከሎኮሞቲቩ ጋር ሲተያይ ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

ይህን የሚያነብ ሰው ድሬዳዋ ትዝ ሊለው ይችላል። የጅቡቲ–አዲስ አበባው አሮጌ መስመር 1 ሜትር ስፋት ነበረው። በ1 ለ87 ስታሰሉት 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል፤ ለዚህ ቅርብ የሆነው በገበያ ያለው ሐዲድ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩ ነው። ስለዚህ የድሬዳዋን ባቡር የሚያልም ሰው ከብሪታንያው 16.5 ባይጀምር ጥሩ ነው።

3. ዘመኑን በቀለም አንብቡ

የቴሪየርን የመጀመሪያ ቀለም ስትራውድሊ «የተሻሻለ የሎኮሞቲቭ አረንጓዴ» ይለው ነበር፤ ዓይን የሚያየው ግን እንደ ሰናፍጭ ያለ ቢጫ ነው። እሷን ቢጫ ሆና ከገዛችኋት ፉርጎዎቹ ቫርኒሽ የተቀባ የማሆጋኒ እንጨት መልክ ይኑራቸው። የ1923ቱ ጥቅለላ ሲመጣ የደቡብ ባቡር ድርጅት አረንጓዴ ነው። ከ1948 ወዲህ፣ ባቡር ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፣ ሎኮሞቲቯ ጥቁር ትሆናለች። የወል ፉርጎ ጥቅሙ እዚህ ጋ ነው፤ ያው አንድ አካል በሦስቱም ቀለም ሊገኝ ይችላል። ጎኑ ላይ ያለው የእንጨት ክፈፍ ከእውነተኛው በጥቂት ሚሊ ሜትር መለየቱ አያሳስባችሁ። ከአንድ ሜትር ርቀት የሚታየው ቀለሙ፣ ቁመቱና አሰላለፉ ነው።

4. አሰላለፍ

ባቡሩን ባቡር የሚያደርገው ይህ ነውና ጊዜ ስጡት። በአማርኛ ማንኛውንም ተጎታች «ፉርጎ» እንላለን። ቃሉ የመጣበት የፈረንሳይኛው «ፉርጎን» ግን ሰው ሳይሆን ጓዝ የሚጫንበትን ነው የሚለው። በእንግሊዙም ባቡር ቁልፉ ያ የጓዝ ክፍል ነው፤ ፍሬኑን የሚይዘው ሠራተኛ የሚቀመጠው እዚያ ነው። ስለዚህ አራት ፉርጎ ካላችሁ ሁለቱን ጫፎች የፍሬን ክፍል ላላቸው ስጡ፤ የጓዝ ክፍላቸውም ወደ ውጭ፣ ወደ ባቡሩ ጫፍ ይዙር። መሐል ላይ አንድ የሦስተኛ ማዕረግና አንድ የአንደኛ ማዕረግ አስገቡ። የአንደኛ ማዕረጉን የምታውቁት በመስኮቶቹ መሐል ባለው ሰፊ ርቀት ነው፤ ባለጸጋው ጉልበቱን የሚዘረጋበት ቦታ ይፈልግ ነበርና።

ከዚያ ወደ ላይ ተመልከቱ። ጣሪያው ላይ የዘይት መብራት ወይም የጋዝ መብራት ክዳን ይኖራል፤ ወይም ምንም አይኖርም፣ ያኔ መብራቱ ኤሌክትሪክ ነው። የአራቱም ጣሪያ አንድ ዓይነት ይሁን። ሞዴልን ብዙ ጊዜ የምናየው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ፣ ጣሪያ ላይ ያለ ስህተት ከጎን ስህተት ቀድሞ ይታያል።

5. ፉርጎው ሐዲድ ላይ ከመውጣቱ በፊት

«ተሠርቶ ያለቀ» ማለት «ተፈትሾ ያለቀ» ማለት አይደለም። ፉርጎውን ገልብጣችሁ ለስላሳ ጨርቅ ላይ አስተኙና እያንዳንዱን ጎማ በጣታችሁ ጫፍ ምቱት። በነፃነት ተሽከርክሮ ቀስ ብሎ መቆም አለበት። ከዚያ በአንድ ዘንግ ላይ ባሉት ሁለት ጎማዎች ውስጠኛ ፊት መካከል ያለውን ርቀት በካሊፐር ለኩ፤ 14.5 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆን አለበት። ከጠበበ መቀያየሪያው (ባቡሩን ከአንድ ሐዲድ ወደ ሌላው የሚያሻግረው የሐዲድ ክፍል) ላይ ይዘላል፣ ከሰፋ ይነክሳል። ሁለቱን ጎማ በሁለት እጅ ይዞ ቀስ እያሉ በመጠምዘዝ ማስተካከል ይቻላል።

ባለ 6 እግሩ የተለየ ትኩረት ይፈልጋል። መሐለኛው ዘንግ ኩርባ ላይ ወደ ግራና ወደ ቀኝ መንሸራተት አለበት፤ ያ ካልሆነ ፉርጎው ቀጥ ያለ ዱላ ይሆንና ከሐዲዱ ይወጣል። ያገለገለ ፉርጎ ገዝቼ አንድ ምሽት ሙሉ አንድ ኩርባ ላይ ወድቆብኛል። ሐዲዱን ነቅዬ መልሼ ተከልኩት፣ አሁንም ወደቀ። በመጨረሻ አጉሊ መነጽር ይዤ ስመለከት መሐለኛው ዘንግ ላይ ቀይ የምንጣፍ ክር ተጠምጥሞ መንሸራተቱን ከልክሎት ነበር። በወረንጦ ሳወጣው የጣት ያህል ርዝመት ነበረው። ከዚያ በኋላ አልወደቀም። ያገለገለ ስትገዙ ከዚህ ጀምሩ።

6. ሎኮሞቲቯን ማለማመድ

ሐዲዱን በንጹሕ ጨርቅና በአይሶፕሮፒል አልኮል ጥረጉ። በ12 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ ምንም ሳትጎትት፣ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ወደ ፊት ግማሽ ሰዓት፣ ወደ ኋላ ግማሽ ሰዓት አስኬዷት። ዘይት የምትጨምሩት መመሪያው ባመለከተው ቦታ ብቻ ነው፤ መጠኑም በመርፌ ጫፍ የሚያዝ ጠብታ ይሁን። የተትረፈረፈ ዘይት ጎማው ላይ ይወርድና ኤሌክትሪኩን ይዘጋል። ዲጂታል መቆጣጠሪያ ካሰባችሁ ዲኮደሩን (የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ ተቀብሎ ሞተሩን የሚያዘውን ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ) የምትተክሉት ከዚህ በኋላ ነው፤ መጀመሪያ በተራው ኤሌክትሪክ ጤነኛ መሆኗን እዩ።

7. ማጋጠምና መፈተን

መጋጠሚያዎቹ ቁመታቸው እኩል መሆኑን ዓይናችሁን በሐዲዱ ልክ ዝቅ አድርጋችሁ ተመልከቱ። አንዱ ካዘነበለ ኪሱ ውስጥ በትክክል አልገባም ማለት ነው፤ አውጥታችሁ መልሱት። ኩርባው ላይ አትቆጥቡ። በሆርንቢ ሐዲድ የመጀመሪያው ኩርባ ሬዲየስ 371 ሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው 438 ነው። ባለ 6 እግር ላለው ባቡር ሁለተኛውን፣ ቦታ ካለም ከዚያ የሰፋውን ምረጡ።

የመጨረሻው ፈተና ወደ ኋላ መግፋት ነው። መሳብ ብዙ ጉድለት ይደብቃል፤ መግፋት ሁሉንም ያወጣል። አራቱን ፉርጎ ከፊቷ አስቀድማችሁ፣ በጣም በዝግታ፣ በመቀያየሪያው ላይ አሳልፉ። ፉርጎ ከወደቀ የትኛው ጎማ መጀመሪያ እንደተነሳ ለማየት ስልካችሁን ሐዲዱ አጠገብ አኑራችሁ ቅረጹ። ያንን ዘንግ መልሳችሁ ለኩ፣ እንደገና ግፉ። አሥር ጊዜ ሳይወድቅ ካለፈ ጣሪያዎቹ ላይ ጥቂት የጥቀርሻ ዱቄት በብሩሽ ነስንሱ፤ ከሎኮሞቲቯ ጋር የሚጎራበተው ፉርጎ ላይ በዛ ይበል፣ ወደ ኋላ እየሄደ ይሳሳ። ሳጥኖቹንና ውስጣቸው ያለውን ስፖንጅ አትጣሉ፤ ባቡሩን ወደ ሌላ ቤት ስትወስዱት ያስፈልጓችኋል።