ፔዳሉ እግር ሲመታ፦ የኤቢኤስ ፍሬን ችግርና መፍትሄ

ሰኔ ገብቶ የመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ሲጥሉ አንድ ዓይነት ደንበኛ ጋራዥ ይመጣል። «ፍሬኔ ተበላሽቷል። ስረግጠው ፔዳሉ እግሬን መልሶ ይመታኛል፤ ከሥር ደግሞ እንደ ወፍጮ ያጉረመርማል» ይላል። መኪናውን አውጥተን ስንሞክረው ደህና ነው። ሰውየው የተሰማው ኤቢኤሱ፣ ማለትም ፍሬን ሲያዝ ጎማ ቆሞ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው ሥርዓት፣ ሥራውን ሲሠራ ነው። ፍሬኑ በእርግጥ የታመመበት ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ አይመጣም፤ ዳሽቦርዱ ላይ ለወራት የበራችውን ቢጫ መብራት እንደ ጌጥ ለምዷታል።

ምልክት፦ በድንገት አጥብቄ ስይዝ ፔዳሉ ይንቀጠቀጣል፣ ይጮሃል

ይህ ብልሽት አይደለም። በእያንዳንዱ ጎማ አጠገብ የመሽከርከሪያ ፍጥነቱን የሚለካ ሴንሰር አለ። አንዱ ጎማ መሽከርከሩን ትቶ ሊንሸራተት ሲል የኤቢኤሱ ኮምፒውተር ወደዚያ ጎማ የሚሄደውን የፍሬን ዘይት ግፊት ይለቅቃል፣ መልሶ ይይዛል፣ እንደገና ይለቅቃል፤ ይህን በሰከንድ አሥርና ከዚያ በላይ ጊዜ ይደጋግማል። እግርዎን የሚመታው የተለቀቀውን ዘይት ፓምፑ ወደ መስመሩ ሲመልሰው ነው። ጩኸቱም የዚያው ፓምፕና የቫልቮቹ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም የሚበጀው በዋናነት ለመሪው ነው። መሽከርከር ያቆመ የፊት ጎማ መሪ አይሰማም፤ ወደ ቀኝ ቢያዞሩትም ወደ ግራ፣ መኪናው በጀመረው አቅጣጫ ይንሸራተታል። ቦሽ የሠራው ኤቢኤስ እ.ኤ.አ. በ1978 መርሴዲስ ላይ ሲገጠም የታሰበው ሾፌሩ ፍሬን ሙሉ በሙሉ ረግጦም ከፊቱ ያለውን ነገር መሸሽ እንዲችል ነበር።

መፍትሄው እንግዲህ ያለው እግርዎ ላይ ነው። ፔዳሉ ሲመታዎት አይልቀቁ። እስከ መጨረሻው ይርገጡ፤ መኪናው እስኪቆም ወይም አደጋው እስኪያልፍ ይያዙ፤ በማርሽ የሚሠራ ከሆነ ፍሪሲዮኑንም አብረው ይርገጡ፤ ዓይንዎን ከእንቅፋቱ ላይ አንስተው መውጫ ወዳዩበት ቦታ መሪውን ይምሩ። ላዳና ዲኤክስ ኮሮላ ላይ መንዳት የተማርን ሰዎች «እየረገጥክ እየለቀቅክ ያዝ» እየተባልን ነው ያደግነው። ምክሩ ለእነዚያ መኪኖች ትክክል ነበር። ኤቢኤስ ባለው መኪና ላይ ግን እንዲያ ማድረግ የኮምፒውተሩን ሥራ መበተን ነው፤ በለቀቁ ቁጥር መኪናው ሳይያዝ የሚሄድበት ሜትር ይጨመራል።

አስቸጋሪው ነገር ይህን ማወቅ ሳይሆን እግርን ማሳመን ነው። ፔዳል ድንገት ሲርገበገብ የሰው እግር ሳያስበው ይሸሻል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሆን ብለው ይሞክሩት። ከዝናብ በኋላ፣ ከፊትም ከኋላም ማንም የሌለበት ሰፊና ቀጥ ያለ ግቢ ይፈልጉ፤ መኪናው ውስጥ የሚወረወር ዕቃ አይኑር፤ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ በሙሉ ኃይልዎ ይርገጡ። ሦስት አራት ጊዜ ከደገሙት እግርዎ ነገሩን ይለምደዋል። እኔ በመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ አንድ ነገር ጨምር ብባል የምጨምረው ይህንን ነው።

ምልክት፦ በደንብ ረግጬ ነበር፣ መኪናው ግን ቶሎ አልቆመም

መጀመሪያ የሚጠረጠረው እግር ነው። ብዙ ሾፌር በድንጋጤም ውስጥ ሆኖ ፔዳሉን ግማሽ ድረስ ብቻ ይረግጣል። መርሴዲስ እ.ኤ.አ. በ1996 ያስተዋወቀው የፍሬን አጋዥ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው፤ እግር ፔዳሉን በምን ያህል ፍጥነት እንደመታው አይቶ የጎደለውን ግፊት ራሱ ይሞላል። በዕድሜ የገፉ መኪኖች ብዙዎቹ ይህ የላቸውም።

ቀጥሎ መንገዱ ነው። ኮሮኮንችና ልቅ ጠጠር ላይ ኤቢኤስ የመቆሚያውን ርቀት ያስረዝመዋል። ኤቢኤስ የሌለው ጎማ ቆሞ ሲንሸራተት ከፊቱ ጠጠር ይከምርና በራሱ ክምር ይያዛል፤ የኤቢኤሱ ጎማ ግን ስለሚሽከረከር ክምሩ ላይ ወጥቶ ያልፋል። መሪው ይሰማል፣ ርቀቱ ግን ይረዝማል። ጠጠር ላይ መድኃኒቱ ቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው። ከበጋው በኋላ በሚጥለው የመጀመሪያ ዝናብም አስፋልቱ ላይ የተከማቸው ዘይትና አቧራ ይሟሟና መንገዱ እንደ ሳሙና ይሆናል፤ የአዲስ አበባ ቁልቁል ኮብልስቶኖችም እንዲሁ። ኤቢኤስ ከመንገዱ የሌለውን መያዣ አይፈጥርም። ጥርሱ ባለቀ ጎማ ላይም ተአምር አይሠራም።

ቁጥሩንም ልብ ይበሉ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሄዱ በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ያልፋሉ። ከፊትዎ ሰው ሲገባ እግርዎ ነዳጁን ለቅቆ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ካለፈ፣ ፍሬኑ ገና ሳይጀምር አንድ ትልቅ አውቶቡስ ከሚያክል ርዝመት በላይ ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የፍሬኑ ርቀት ደግሞ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው።

ምልክት፦ በዝግታ ልቆም ስል፣ ደረቅ አስፋልት ላይ ይነቃል

ይህኛው እውነተኛ ብልሽት ነው። መብራት ፊት ሊቆሙ ሲሉ፣ በሰዓት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ፔዳሉ ይርገበገብና መኪናው ትንሽ ወደፊት ይሾልካል። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ ሴንሰር የሚመጣው ምልክት መድከሙ ነው፤ ኮምፒውተሩ ያ ጎማ የቆመ ይመስለዋል። ሴንሰሩ ሥር ዝገት አብጦ ከቦታው አንስቶት ይሆናል፣ ጭቃና የብረት ብናኝ ሸፍኖት ይሆናል፣ ሴንሰሩ የሚያነበው ጥርሳም ቀለበት ተሰንጥቆ ይሆናል። ቦታውን ፈትቶ ማጽዳት ብዙ ጊዜ ይበቃል።

ችግሩ ኩሽኔታ (ጎማው የሚዞርበትን ክፍል) ካስቀየሩ በኋላ የጀመረ ከሆነ ግን ለመካኒኩ አንድ ነገር ይንገሩት። በብዙ ዘመናዊ መኪኖች ሴንሰሩ የሚያነበው ማግኔት ኩሽኔታው ራሱ ላይ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው ያለው። ተገልብጦ ከተገጠመ ጎማው በሰላም ይዞራል፣ ሴንሰሩ ግን ምንም አያይም። የተለያየ ቁጥር ያላቸውን ጎማዎች ቀላቅሎ መግጠምም ኮምፒውተሩን ያሳስተዋል። ጉድጓድ ወይም የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ ፍሬን ሲይዙ አንዴ ቢርገበገብ ግን አይጨነቁ፤ ጎማው ለቅጽበት ከመሬት ተነስቷል።

ምልክት፦ በያዝኩ ቁጥር መሪው ይንቀጠቀጣል

ኤቢኤስን ከደሙ ንጹህ ነው በሉት። በለስላሳ አያያዝም የሚመጣና ከጎማው ፍጥነት ጋር የሚፈጥንና የሚዘገይ ንቅጥቅጥ የፍሬን ዲስኩ ነው፤ ውፍረቱ እኩል አይደለም። ዲስኩ ይላጣል፤ ከተፈቀደለት ውፍረት በታች ከሳሳ ይቀየራል።

ምልክት፦ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ ለሰለሰና ሰመጠ

ከጎሃ ጽዮን ተነስቶ ዓባይ ድልድይ እስኪደርስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ያንን ሁሉ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው የፍሬን ዘይቱን እያፈላ ነው። ዘይቱ ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዶት 4 የተባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይችላል፤ ውኃ ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። ሲፈላ መስመሩ ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ ፔዳሉም ባዶ ይረግጣል። እዚህ ላይ ኤቢኤስ ምንም አያደርግም፤ የሚለቅቀውና የሚይዘው ግፊት ራሱ የለም።

በከባድ ማርሽ ይውረዱ፤ አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅተኛውን ይምረጡ። ፔዳሉ ከሰመጠ ደጋግመው ፓምፕ ያድርጉት። ለአሮጌው ምክር ቦታው እዚህ ነው። ማርሽ ይቀንሱ፣ የእጅ ፍሬኑን በአንዴ ሳይሆን ቀስ እያሉ ይሳቡ። ቆመው ካቀዘቀዙት በኋላ ፔዳሉ ቢመለስም ዘይቱ መቀየር አለበት፤ ያለ ችግርም ቢሆን በየሁለት ዓመቱ መቀየር ተገቢ ነው። ቆሞ ሳለም ፔዳሉ በእግር ሥር ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ማስተር ሲሊንደሩ (የእግርን ግፊት ወደ ፍሬን ዘይቱ የሚያስተላልፈው ክፍል) ዘይት ያሳልፋል፤ ጎትተው ይውሰዱት፣ አይንዱት።

ምልክት፦ የኤሌክትሪክ መኪናዬ ፍሬን ላይ ሆኖ ለቅጽበት የሚለቅቅ ይመስለኛል

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህ ጥያቄ እየበዛ መጥቷል። እነዚህ መኪኖች ፍጥነት የሚቀንሱት በከፊል ሞተሩን ወደ ባትሪ ኃይል እንዲመልስ በማድረግ ነው። ጎማ ሲንሸራተት ኮምፒውተሩ ያንን አቋርጦ ሥራውን ለዲስኩ ያስረክባል። በዚያች የርክክብ ቅጽበት መኪናው የተለቀቀ ይመስላል። ዋናው ነገር ፔዳሉን ጨምሮ መርገጥ ነው።

ምልክት፦ ቢጫዋ የኤቢኤስ መብራት በርታለች፤ ወይም ጭራሽ አትበራም

ቢጫዋ ብቻዋን ከበራች ተራው ፍሬን አለ፣ ኤቢኤሱ ግን የለም፤ በድንገት ከያዙ ጎማው ይቆማል። ከላዳ ዘመን ጋር እንደገና ተገናኝተዋል፣ ርቀትዎን ይጨምሩና ኮምፒውተር ያስነብቡ። ቀዩ የፍሬን መብራት አብሮ ከበራ የእጅ ፍሬኑንና የዘይቱን መጠን ይመልከቱ፤ ሁለቱም ደህና ከሆኑ እዚያው ያቁሙት። የኋላ ጎማዎች ቀድመው እንዳይያዙ የሚጠብቀው ክፍልም ሥራ ሳያቆም አይቀርም።

ጭራሽ የማትበራዋ መብራት ይበልጥ ታሳስበኛለች። ያገለገለ መኪና ሲገዙ ቁልፉን ይክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አያስነሱ። የኤቢኤስ መብራት ለጥቂት ሰከንድ መብራት አለባት፤ ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ቁልፉ ሲከፈት ካልታየች አምፖሏ ተነቅሏል ወይም በሌላ መብራት መስመር ላይ ተቀጥላ አብራ እንድትጠፋ ተደርጓል። ሻጩ «ይሄ ሞዴል ኤቢኤስ የለውም» ካለ ቦኔቱን ያስከፍቱና ከማስተር ሲሊንደሩ የሚወጡትን ቀጫጭን ቱቦዎች ይከተሉ፤ አራት አምስቱ ተሰብስበው ገመድ የተሰካበት የብረት ሳጥን ውስጥ ከገቡ አለው። ዋጋ መነጋገር ዳሽቦርዱ ከተፈታ በኋላ ይደረስበታል።