ያረጀ የጭቃ ቤት ለማስፈረስ ሰው ስትይዙ

የአያቴን ቤት ያስፈረስኩት በሦስት ቡድን ነው። አንድ ይበቃ ነበር።

መጀመሪያ ወረዳ ሄዳችሁ የማፍረሻ ፈቃድ አውጡ። አለበለዚያ ሥራው መሃል ላይ ደንብ አስከባሪ ይመጣባችኋል። መብራቱንና ውሃውን አስቆርጡ። ሽቦ ያልተቆረጠለት ጣራ ላይ ሰው አታውጡ። ጊዜው ደግሞ በጋ ይሁን፤ ክረምት ከገባ የፈረሰው ጭቃ ተመልሶ ጭቃ ይሆናል፣ መኪናም ግቢ አይገባም።

ከዚያ አፍራሽ ፈልጉ። በስልክ ዋጋ የሚቆርጥ አይሁን፤ ሦስት ሰው መጥቶ ቤቱን ይየው። ሲያዩ ዓይናቸውን ተከታተሉ፣ ሁሉም የሚያንጋጥጡት ወደ ጣራው ነው። የድሮ ቆርቆሮ ወፍራም ስለሆነ ይፈለጋል።

አሁን ዋናው ነገር መጣ፣ ስምምነቱ። ወይ እናንተ ከፍላችሁ ዕቃው ይቀርላችኋል፣ ወይ ሰውየው ዕቃውን ወስዶ በነፃ ያፈርሳል። እኔ ነፃ የሚለውን ስሰማ ልቤ ቀለጠ። ቅዳሜ ጠዋት መጡ፤ 9 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ተጭኖ ሄዷል። እሑድ በር፣ መስኮት፣ ወራጅና የወለሉ ሳንቃ ሄደ። ሰኞ ስልካቸው ጥሪ አይቀበልም። ግድግዳው ግን እንደቆመ ነው። ሐሙስ ዝናብ ጣለ፣ አንዱ ጎን ወደ ጎረቤት አጥር ዘመመ። ሁለተኛው ቡድን የሚወስደው ዕቃ ስለሌለ በደንብ አስከፈለኝ፤ አፈሩን ግን አላነሳም ብሎ ሄደ። ሦስተኛው ለዚያ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ቤት የሚፈርሰው ከላይ ወደ ታች ነው፤ ገንዘቡ ላይ ነው፣ ልፋቱ ታች። ሰውየው ልፋቱ ሳይጀመር ድርሻውን ጨርሶ ይወስዳል። ስለዚህ የወረደው ቆርቆሮና እንጨት ግድግዳው እስኪወድቅ ከግቢ አይውጣ። ካልተስማማ መያዣ ገንዘብ እሱ ለእናንተ ያስይዝ። ቆርቆሮውን፣ በሩንና መስኮቱን ቆጥራችሁ ፎቶ አንሱ። ግድግዳ ማፍረስ፣ የመሠረት ድንጋይ ማውጣት፣ አፈር ማንሳት እያንዳንዱ በጽሑፍ ይስፈር። የጎረቤት ግድግዳ ቢጎዳ ማን እንደሚጠግን፣ ሠራተኛ ቢወድቅ ማን እንደሚያሳክምም ጻፉ። ሁለት ምስክር ይፈርምበት። ደላላውን ምስክር አታድርጉ፤ እሱ ኮሚሽኑን ከተቀበለ በኋላ አያውቃችሁም።

አፈሩን ሁሉም ሰው አሳንሶ ይገምታል። 6 በ8 ሜትር የሆነ ቤት ዙሪያው 28 ሜትር ነው። ከፍታው 3 ሜትር፣ ውፍረቱ 20 ሳንቲ ሜትር ከሆነ የውጭ ግድግዳው ብቻ ወደ 17 ሜትር ኪዩብ ይመጣል። ሲፈርስ ደግሞ ይነፋል። የክፍሎቹን ግድግዳ ስትጨምሩበት አንድ ሲኖትራክ አይበቃም። በቢያጆ፣ ማለትም በመኪና ምልልስ ቁጥር ሳይሆን «ግቢው እስኪጸዳ» ብላችሁ በቁርጥ ተዋዋሉ።

ጣራው ኢተርኒት፣ ማለትም ከሲሚንቶ የተሠራ የጣራ ክዳን ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። የድሮው ኢተርኒት አስቤስቶስ የሚባል የማዕድን ቃጫ አለበት፤ ብናኙ ሳንባ ያበላሻል፣ ካንሰርም ያመጣል። በመዶሻ አይሰበር። ውሃ እየተረጨ ሙሉውን ይውረድ፣ ሠራተኞቹም ደህና ማስክ ያድርጉ። ሻርፕ ማስክ አይደለም።

ማፍረሱን እነሱ ያውቁበታል። እናንተ ልጆችን አርቁ፣ ሲያልቅ ሚስማር ልቀሙ።

የአያቴ ወለል የዝግባ ሳንቃ ነበር። በኋላ መርካቶ ሄጄ የዚያን ዓይነት ሳንቃ ዋጋ ጠየቅኩ። ሰምቼ ዝም ብዬ ታክሲ ያዝኩ።