ማታ ሞልቶ ጠዋት የሚተነፍስ ጎማ፦ ድንኳን ጭኖ ከጎንደር ወደ ጣና ለሚወርድ ሳይክል

ፍሬኑ፣ ካቴናውና ዳዶው ከከተማ ሳይወጣ ታይቷል እንበል። ከአዘዞ በታች የመገጭን ወንዝ ተከትሎ ወደ ደንቢያ ሜዳ የሚወርደውን ሳይክል ደጋግሞ የሚያስቆመው ተለጥፎ ተመልሶ የሚተነፍስ ጎማ ነው።

ምልክቱ፦ ማታ ድንኳኑ አጠገብ ጠንካራ የነበረ ጎማ ጠዋት ይላላል።

መጀመሪያ ቀዳዳ መኖሩን አረጋግጡ። በቀትር 50 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተሞላ ጎማ ሌሊት ሙቀቱ በ15 ዲግሪ ቢወርድ 3 ፒኤስአይ ገደማ ይቀንሳል፤ ይህ ብልሽት አይደለም። «ከፍታው ነው» የሚባለው ግን ሰበብ ነው። ከጎንደር እስከ ጣና ዳር ያለው 350 ሜትር ያህል ቁልቁለት የሚያመጣው ለውጥ ግማሽ ፒኤስአይ ቢሆን ነው። በአውራ ጣት ሲጫኑት እስከ ቸርኬው የሚገባ ጎማ ተበስቷል።

ከመነዳሪውን፣ ማለትም አየር የሚይዘውን የውስጥ ላስቲክ፣ ከማውጣታችሁ በፊት ከቫልቩ ትይዩ ጎማው ላይ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ይህን የሚዘል ሰው ቀሪውን ሥራ በጭፍን ይሠራል። ከመነዳሪውን ነፍታችሁ ውሃ ውስጥ ንከሩትና አረፋው ከየት እንደሚወጣ እዩ።

በውጭ በኩል አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ነው። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ በደንብ ያልተነፋ ጎማ ድንጋይ ላይ አርፎ ከመነዳሪውን ከቸርኬው ጋር ቆንጥጦታል። በቸርኬው በኩል ከሆነ የሽቦዎቹን ጫፍ የሚሸፍነው ጥብጣብ ተንሸራቷል። ቫልቩ ሥር የተቀደደ አይለጠፍም፤ ጣሉት።

እሾሁ ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል። የግራር እሾህ ከገባ በኋላ ውጭ ያለው ክፍል ይሰበርና ጫፉ ጎማው ውስጥ ተቀብሮ ይቀራል። በጣት ሲዳሰስ አይገኝም፤ ሰውና ጓዝ ተጭኖበት ጎማው ሲተጣጠፍ ብቻ ብቅ ይላል። ስለዚህ በእጅ ሲገፋ ደህና የነበረው ሳይክል ጥቂት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እዚያው ቦታ ላይ ይበሳል። ሦስት ልጥፍ በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ተጠጋግተው ካያችሁ ከመነዳሪውን አትውቀሱ። አዲስ ከመነዳሪ ገዝቶ አሮጌው እሾህ ላይ የሚያለብስ ሰው ግን አያልቅም፤ ብሩም ማታውኑ አብሮ ይተነፍሳል።

መፍትሔው፦ በምልክቱ ልክ ከመነዳሪውን ጎማው ላይ አስተኝታችሁ ቀዳዳው የሚያርፍበትን ቦታ ለዩ። እዚያ ጎማውን ገልብጣችሁ አጥፉት፤ ውስጡን በጥጥ ጥረጉት፣ ጥጡ የሚያዝበት ላይ እሾሁ አለ። በመርፌ ከውስጥ ወደ ውጭ ግፉና በፒንሳ ሳቡ። ከዚያ ዙሪያውን በሙሉ ፈትሹ፤ አንድ ያገኘ ሰው ሁለተኛውን አይፈልግም፣ ሁለተኛው ግን ብዙ ጊዜ አለ። የማሳ አጥር ሊሆን የእሾህ ቅርንጫፍ የተጎተተበት ዱካ ላይ አትንዱ። ግራር ጥላ ሥር ሳይክል አይገፋም፣ ይሸከሙታል።

ልጥፉ፦ ከልጥፉ የሚሰፋ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ የሚያብለጨልጭ እንዳይቀር፣ በከመነዳሪው ላይ የሚያልፈው ቀጭን መስመርም ጠፍጣፋ ይሁን። በጣት አትንኩት። ማስቲሹን በስሱ ቀብታችሁ 5 ደቂቃ ጠብቁ። እርጥብ እያለ መለጠፍ ልጥፍ የሚነቀልበት ዋና ምክንያት ነው። ልጥፉን ከመሃል ወደ ጠርዝ በማንኪያ ጀርባ ተጫኑት። የጫማ ሰፊ ማስቲሽ በብርድ ይይዛል፣ ቀትር ላይ ጎማው ሲግል ይለቃል። የተከፈተ ማስቲሽ ከረጢት ውስጥ ይደርቃልና ከመነሳታችሁ በፊት ጨምቃችሁ እዩት።

26 በ1.95 ኢንች የሆነ ጎማ ከነጓዙ ከኋላ 50፣ ከፊት 40 ፒኤስአይ ገደማ ይበቃዋል፤ ጎማው ላይ የተጻፈውን ጣሪያ ግን አትለፉ። ጎሚስታ ጋ ስታስነፉ በአጭር በአጭሩ ይሁን፤ የመኪና ኮምፕሬሰር የሳይክልን ከመነዳሪ በአፍታ ያፈነዳል። ቀጭን ቫልቭ ያለው ሳይክል ማገናኛ ካልያዘ እዚያ ቢደርስም አይነፋለትም።

ጎማው ዳገት ሳይኖር አልዞር ካለ፦ የደንቢያ ጥቁር አፈር ነው። ሲረጥብ በጎማው ላይ እየተጠቀለለ በፍሬኑና በሹካው መካከል ይሞላል። በፔዳል አታስገድዱት፤ ማርሽ ቀያሪው የቸርኬው ሽቦዎች ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። በእንጨት ፍቁት፣ ተሸከሙት፣ ሣር ወይም ጠጠር እስክታገኙ።

ቁልቁለት ላይ ልጥፍ ከለቀቀ፦ በቸርኬ ላይ የሚይዝ ፍሬን ያለማቋረጥ ሲያዝ ቸርኬውን ያግለዋል። በዚህ መንገድ ብዙ አያሰጋም፤ ከደባርቅ ሊማሊሞን የሚወርድ ግን እየያዘ እየለቀቀ፣ እየቆመም ያቀዝቅዝ።

ድንኳኑ ውስጡ ከረጠበ የትንፋሽ ጤዛ ነው፤ ሁለቱንም መስኮት ክፈቱ። ብርድ ነው ብላችሁ የከሰል ምድጃ አታስገቡ፣ ጭሱ ባይታይም ይገድላል። የመገጭ አሸዋ ላይ አትትከሉ፤ እናንተ ጋ ጠርቶ ከላይ በኩል ቢዘንብ ደራሽ ጎርፍ ይመጣል። ጣና አጠገብ ወባና ቢልሃርዚያ አለ፤ አጎበር ያዙ፣ ዳር ላይ ባለው ውሃ አትታጠቡ። የመሬቱን ባለቤት ሳያስፈቅዱ መትከል ነውር ነው።

ትርፍ ከመነዳሪ ከካቻቢቴና ከፒንሳ ጋር በአንድ ከረጢት አይቀመጥም፤ በመንቀጥቀጡ ተፋፍቆ ሳይገጠም ተበስቶ ይገኛል። ለብቻው በጨርቅ ጠቅልሉት።